ልጄ ቻትጂፒቲ ትጠቀማለች፣ ልከልክላት ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅሽ የቤት ሥራዋን በቻትጂፒቲ (ለሚጻፍለት ጥያቄ መልስ በሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እንደምትሠራ ጽፈሽ «ልከልክላት ወይ?» ብለሻል። እኔ አትከልክያት ባይ ነኝ፤ ተደብቃ ብትጠቀም ይብሳል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ከ18 ዓመት በታች ላሉ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ አብረሻት ቁጭ በይ። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኮንትሮልስ» የሚለውን ክፈቱና ጽሑፏ ለሞዴሉ (መልስ ለሚሰጠው ፕሮግራም) ማሠልጠኛ እንዲውል የሚፈቅደውን አጥፉት። ማጥፋቱ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ለምትጽፈው ነው።

ከሁሉ በላይ የምታስገባውን ተመልከቺ። በእኛ አገር ስም ከነአባትና ከነአያት ሲጻፍ ቤተሰብን ሁሉ ይናገራል። የትምህርት ቤት ካርዷን ፎቶ አንስታ እንዳትልክ፤ ስሟም፣ ክፍሏም፣ ትምህርት ቤቷም እዚያው ላይ አለ። የጓደኛዋ ምስጢርም እንደዚያው። ጭንቀቷን ለማሽኑ መንገር ከጀመረች ደግሞ አትቆጪያት። ቀስ ብለሽ አዋሪያት።