ሰንሰለቱን የፈታው ማን ነበር?

ዘንድሮ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለምትገቡ ልጆቼ፦

በሙያችን ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ሥዕል አለ። ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል ፓሪስ ውስጥ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ቆሞ የሕሙማንን ሰንሰለት ሲያስፈታ ያሳያል። ሥዕሉ ያምራል፤ ታሪኩ ግን ጎዶሎ ነው። የተሳለውም ፒኔል ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

ከታሪኩ የጎደለው ሰው ዣን ባፕቲስት ፑሳን ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ቆዳ በማልፋት የሚተዳደር ሠራተኛ ነበር። አንገቱ ላይ እጢ ወጥቶበት ፓሪስ አጠገብ ያለው ቢሴትር ሆስፒታል ገባ፣ ዳነ፣ እዚያው ተቀጠረ። ቀስ በቀስም የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ሆነ። ከባለቤቱ ጋር ውሎ አዳሩ ከሕሙማኑ ጋር ነበር። ሠራተኞቹ በሽተኛ እንዳይመቱ ከለከለ። ከሕመማቸው ያገገሙትን ደግሞ አስታማሚ አድርጎ ቀጠራቸው። ይህቺ ሐሳብ እስከዛሬ ታስደንቀኛለች።

ፒኔል እ.ኤ.አ. በ1793 ቢሴትር ሲመደብ ፑሳን ክፍሉን ለዓመታት መርቶታል። ዶክተሩ ከእሱ ተማረ፤ በመጽሐፉም አመስግኖታል። ቢሴትር ውስጥ ሰንሰለቱን ያስፈታው ግን ፑሳን ነው፤ በ1797፣ ፒኔል ወደ ሳልፔትሪየር ከተዛወረ በኋላ።

ዲግሪ ብቻውን ሰው አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 የናዚ ጀርመን መንግሥት ከ70,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን በጋዝ ገደለ። የሚሞተውን የሚመርጡት ሐኪሞች ነበሩ። በሽተኛውን እንኳ ሳያዩ ቅጽ ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር።

እናንተ ሰንሰለቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ልጇን በብረት አስራ ያመጣች አንዲት እናት አልረሳም። ቁልፉ የት አለ ስላት ከአንገቷ አወጣችው፤ ከማዕተቧ ጋር አስራዋለች። ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባባት፣ የሰፈር ልጆች በድንጋይ እንዳይፈነክቱት ብላ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ብትቆጧት ተመልሳ አትመጣም። አስቀምጧት፣ ውኃ ስጧት፣ መጀመሪያ የፈራችውን ጠይቋት። ቁርጭምጭሚቱን ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ቁስሉን እጠቡለት። ጸበሉን ተዪ አትበሏት። መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ብዙ በሽተኛ ከመንገድ ሲመለስ ያየሁት እንዲህ ሲደረግ ነው።

ዋርድ ስትገቡ ደግሞ ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የማታ ተረኛውን ጠይቁ። ማን እንቅልፍ አጣ? ማን ምግቡን መለሰ? ማን ሲያለቅስ አደረ? እነሱ ያውቃሉ። የነገሯችሁን ካርዱ ላይ ጻፉት፤ ማን እንደነገራችሁም ስማቸውን ጨምራችሁ።