የሚስማሩ ጥፋት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ትንሽ የዓሣ ቤት አለችኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ፤ አራቱ አስተናጋጆች ናቸው። በፊት እኔው ጠብሼ እኔው አቀርብ ነበር፣ አሁን ሰፋ ብሏል። ችግሬ አስተናጋጆቹ ናቸው። ደንበኛ አርባ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ቀድሞት በልቶ ይሄዳል። «ያዘዝኩት ቆሮሶ ነው፣ ይሄ አምባዛ ነው» እየተባለም ሳህን ይመለሳል። አንድ ሥልጠና ላይ «ዴሚንግ የሚባለው ታላቅ ሰው ‹ያልለካኸውን አትመራውም› ብሏል» ሲሉን ደብተር ገዛሁ። የዘገየውንና የተመለሰውን ሳህን በአስተናጋጁ ስም እመዘግባለሁ። በእያንዳንዱ 50 ብር ከደመወዝ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ቀንሶ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሦስት አስተናጋጆች ለቀውብኛል። የቀሩትም ትዕዛዙን ጽፈው ኩሽናው መስኮት ላይ ያለው ሚስማር ላይ ይሰኩና ቆመው ስልክ ይነካካሉ። ቅጣቱን ላጥብቅ ወይስ ደመወዝ ልጨምር? እነዚያ ትልልቅ የማኔጅመንት ሰዎች ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው እንዳንቺው በልጆቹ ተናደድኩ። በሁለተኛው ሚስማሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

እስኪ አብረን እንሰካ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀት ሚስማሩ ላይ ገባ። ቀጥሎ የመጣው በላዩ ተሰካ። ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ። ጠባሿ እጇ ዘይት በዘይት ነው፣ እሳቱ ፊቷን ይገርፋታል፣ መስኮቱ ጋ ብቅ ብላ አንዱን ወረቀት መዘዝ ታደርጋለች። የትኛውን? ከላይ ያለውን ነዋ! መጨረሻ የመጣውን። ያ ምስኪን ሰውዬ ከሥር ተቀብሮ ሰባት ሰዓት ይሆናል። «ከሱ በኋላ የመጣው ቀድሞት ይሄዳል» ያልሽው ራስሽ ነሽ። አስተናጋጇ ስልኳን ብትነካካም ባትነካካም ወረቀቱ ከሥር ነው። አንቺ ግን 50 ብሩን የምትቆርጪው ከሷ ነው።

ምናልባት ጠባሾችሽ ከሥር እየፈለጉ የሚመዙ ጠንቃቆች ከሆኑ ተሳስቻለሁ። ግን በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገ ገመድና አንድ ደርዘን የልብስ መቆንጠጫ ግዢ። ገመዱን መስኮቱ ላይ በአግድም ወጥሪው። አዲስ ትዕዛዝ በቀኝ ጫፍ ይቆነጠጥ፣ ኩሽናዋ ሁልጊዜ ከግራ ታንሳ፣ የቀሩት ወደ ግራ ይገፉ። በቃ። መጀመሪያ ይህን ሞክሪ፣ ከዚያ ሌላውን እናወራለን።

አሁን ወደ ዴሚንግ። አሠልጣኝሽን አልወቅሰውም፤ ያ አባባል በየአዳራሹ በሰውየው ስም ይዞራል። እሱ የጻፈው ግን ተቃራኒውን ነው። ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ መሐንዲሶችንና የኩባንያ ኃላፊዎችን አስተማረ። ጃፓኖቹም በዓመቱ በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1993፣ በሞተበት ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ ያልተለካ ነገር አይመራም ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፣ ብዙ የሚያስከፍል ተረት ነው ይላል። ዕድሜ ልኩን ሲለካ የኖረ ሰው ነው ይህን ያለው! ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ጭራሽ ሊታወቁ የማይችሉ ናቸው ይል ነበር። ለምሳሌ እኔ። ጣና ዳር አንድ ቤት (ያንቺ አይደለም መሰለኝ) ቆሮሶ አዝዤ አምባዛ መጣልኝ። ዝም ብዬ በላሁ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ሳህን አልመለስኩም፤ ተመልሼም አልሄድኩም። እኔ በየትኛው ደብተር ተመዘገብኩ?

ይኸው ሰው ሲያስተምር አንድ ጨዋታ ነበረው። ሣጥን ውስጥ 4,000 ያህል ዶቃ አለ፤ 3,200 ነጭ፣ 800 ቀይ። ከተሰብሳቢው ፈቃደኛ «ሠራተኞች» ይጠራል። ሃምሳ ቀዳዳ ያለው መቅዘፊያ መሳይ ነገር ያስይዛቸውና ሣጥኑ ውስጥ እየነከሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶቃ እንዲያወጡ ያዝዛል። ደንበኛ የሚፈልገው ነጭ ብቻ ነው፣ ቀይ ጥፋት ነው። አንዱ ሰባት ቀይ ያወጣል፣ ይሞገሳል። ሌላው አሥራ አራት ያወጣል፣ ይወቀሳል። በሚቀጥለው ዙር የተሞገሰው ይብሳል፣ የተወቀሰው ይሻሻላል። አለቃው «ቁጣዬ ሠራ» ይላል። አዳራሹ ይስቃል፤ ምክንያቱም ሣጥኑ ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ቀይ ነው፣ መቅዘፊያውን ማንም ቢይዘው አሥር አካባቢ ቀይ መውጣቱ አይቀርም። ሠራተኛው ሣጥኑን አልሞላውም። የሞላው አለቃው ነው። ሚስማሩንም የመታው አስተናጋጅ አይመስለኝም።

«የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ቀንሶ ነበር» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ተሸውጄበታለሁ።

በወጣትነቴ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል፣ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ማሽን በቆመ ቁጥር ምርት ይቀንሳል ብዬ ባቆመው ሠራተኛ ስም መጻፍ ጀመርኩ። በሳምንቱ ማቆም በግማሽ ቀነሰ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ አንድ ጥቅል አቡጀዲ መመርመሪያው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ከሥሩ መብራት አለ። ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ፣ መብራቱ በቀጭን መስመር ያበራል። አንድ የድር ክር ተበጥሶ ማሽኑ ሳይቆም ስንት ሜትር ሠርቷል! ማሽኑን የያዙት በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። «ምነው እማማ፣ አላዩትም?» አልኳቸው። «አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ባቆመው ትጽፍብኛለህ።»

ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። ጥቅሉ ተቆራርጦ በርካሽ ተሸጠ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ስለ ሳኪቺ ቶዮዳ ያነበብኩት። መኪናውን ቶዮታን የመሠረተው የኪይቺሮ አባት ነው፤ ሥራው ግን የሽመና ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ማሽኑ ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1929 መብቱን አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ገዛው። እኔ በማቆም የቀጣሁት ሰው ክር አይቶ ዝም አለ፤ ጃፓናዊው ደግሞ ማቆምን ራሱን ብረት ውስጥ አስገብቶ ሸጠው። በኋላ መኪና ፋብሪካቸው ውስጥም ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር።

ያንቺም ልጆች በዚያ ሳምንት ምን እንዳደረጉ እገምታለሁ። ደንበኛውን «ይቺን ብቻ ብሉልኝ፣ በእናትህ» እያሉ ለምነዋል። አንዳንዷም ከቲፗ ከፍላለች። ደብተሩ ላይ ቀነሰ፣ ሳህኑ ላይ አልቀነሰም።

የቆሮሶና የአምባዛው ጉዳይ ደግሞ መቆም ይፈልጋል። በእግር ማለቴ ነው። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ኢንጂነሮቹን ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሣለ ክብ ውስጥ አቁሞ «እዚህ ሆነህ ተመልከት» ይላቸው ነበር ይባላል። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ «ምን አየህ?» ይላል። አንቺም ደብተሩን ቤት ትተሽ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ኩሽናው መስኮት ጋ ቁሚ። አትናገሪ፤ ይከብድሻል አውቃለሁ። ቆሮሶው በስንት ሰዓት ያልቃል? ማለቁን መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? አስተናጋጇ በምን ታውቃለች? ጠዋት ከዓሣ አስጋሪዎቹ የገዛሽው ሰባት ሰዓት ላይ ካለቀና ማንም ለአስተናጋጆቹ ካልነገራቸው፣ ልጅቷ ቆሮሶ ብላ ጽፋ አምባዛ ይዛ መውጣቷ ምን ይገርማል? አምስት ቆሮሶ ሲቀር ኩሽናው የሚገለብጣት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ትበቃለች።

ስለ ቅጣቱ በአጭሩ። አቁሚው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ እንዲቆረጥ አይፈቅድም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የለቀቁት ልጆች አንድ ቀን ይህን የሚያውቅ ዘመድ ያገኛሉ።

ደመወዝ መጨመሩ? ከቻልሽ ጨምሪ፣ ግን ገመዱን ከወጠርሽ በኋላ። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ 14,000 የሚጠጋ ሠራተኛ እንዳይጎድልበት በዓመት ከ52,000 በላይ ሰው ቀጥሯል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፣ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደው፤ ሰውም ረጋለት። ጽድቅ ፈልጎ አልነበረም፣ አዲስ ሰው ማሠልጠኑ ስላከሰረው ነው። አኗኗራቸውን የሚያጣሩ ሰዎችም ቤታቸው ድረስ ይልክ ነበር፤ ያንን እንኳ አትኮርጂው።

ጥያቄ፦ ከእህቴ ባል ጋር በሽርክና አንዲት የሞተር ጀልባ አለችን፤ እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት እናመላልሳለን። እሱ «ሳይሞላ አንነሳም» ይላል። እኔ ጠዋት 2፡30 ካልን 2፡30 እንነሳ ባይ ነኝ። አንድ ቀን በሱ፣ አንድ ቀን በኔ ብለን ታረቅን። አሁን ደግሞ እንግዳው ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ አያውቅም።

መልስ፦ ሳቅኩ፣ ይቅርታ። አሜሪካዊቷ የማኔጅመንት ጸሐፊ ሜሪ ፓርከር ፎሌት (እ.ኤ.አ. 1868–1933) ይህን ዓይነቱን እርቅ አትወደውም ነበር፤ ሁለቱም ግማሽ ያጣሉና። እሷ የምታወራው ስለ ቤተ መጻሕፍት መስኮት ነው። አንዱ አንባቢ ይከፈት አለ፣ እሷ ይዘጋ አለች። ሰው የሌለበትን የጎን ክፍል መስኮት ከፈቱ። እሱ የፈለገው አየር ነው፤ እሷ የጠላችው ነፋሱ በቀጥታ እላይዋ ላይ መምጣቱን ነው። አማችህም መሙላቱን ለራሱ ሲል አይወደውም፤ የነዳጁ ወጪ ነው የሚያስፈራው። አንተ ደግሞ ሰዓቷን አታመልክም፣ እንግዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስምህን እንዳያነሳ ነው። አጠገባችሁ ካለ ባለጀልባ ጋር ተነጋገሩ። 2፡30 ላይ ሁለታችሁም ካልሞላችሁ ሰው የበዛበት ሁሉንም ይዞ ይነሳ፣ ሒሳቡን በሰው ቁጥር ተካፈሉ። አማችህን ግን ቤት፣ ቡና ላይ አናግረው። ጀልባው ላይ እንግዳ ይሰማል።