የጄኔሬተር ሙቀት ለሻወር ውሃ፦ ከጭሱ በፊት ራዲያተሩ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አነስተኛ ሆቴል አለኝ። መብራት ሲጠፋ 60 ኬቪኤ የናፍታ ጄኔሬተር አስነሣለሁ። የጋዝ ኃይል ማመንጫዎች በጭሱ ሙቀት ውሃ አፍልተው ሁለተኛ ተርባይን እንደሚያዞሩ አነበብኩ። እኔስ ማርሚታው ላይ ቱቦ ጠምጥሜ እንፋሎት ባወጣ? ቢያንስ የሻወር ውሃ ይሞቅልኝ ነበር።

መልስ፦ እንፋሎቱን ይተዉት፤ ውሃውን ግን ማሞቅ ይቻላል።

ያነበቡት እውነት ነው። ከጋዝ ተርባይን የሚወጣው ጭስ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ በእሱ የሚፈላው እንፋሎት ከጠቅላላው ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉን ያመነጫል። ያ ግን በመቶ ሜጋዋት የሚቆጠርና ባለሙያ ሌት ተቀን የሚጠብቀው ተቋም ነው። በእርስዎ መጠን የእንፋሎት ተርባይን ወጪውን አይመልስም። በብየዳ የተሠራ፣ መተንፈሻ የሌለው ቱቦ ደግሞ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። እባክዎ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ በያጅ ቢያገኙ አያሠሩት።

ከራዲያተሩ ውሃ ይጀምሩ። ጄኔሬተሩ 30 ኪሎዋት ሲሸከም ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ በግምት 20 ኪሎዋት ሙቀት ይገባል፤ ብክነቱ ተቀንሶም በሰዓት 400 ሊትር ያህል ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ያደርሳል። ከቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት ከሚቆጣጠረው ቫልቭ) ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው ጎማ ላይ ፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር፣ ማለትም ሁለቱን ውሃዎች ሳያቀላቅል በስስ ብረት በኩል ሙቀት የሚያሸጋግር ዕቃ፣ ያስገቡ። የሞተሩና የሻወሩ ውሃ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም፤ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው አንቱፍሪዝ መርዝ ነው። ራዲያተሩ በቦታው ይቆይ፤ የሻወሩ ውሃ ታንከር ከሞቀ በኋላ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ቴርሞስታቱን ላውጣው የሚል መካኒክ ከመጣም አይፍቀዱለት፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ናፍታ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ውሃም ሲሠራ የሚሞቀው እስከዚያው ዲግሪ ገደማ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነውና፣ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፈተው ገልብጠው ጎማውን ይዩት። ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይተው በተመሳሳዩ ይቀይሩት።

አየሩም ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ 60 ኬቪኤውን ሙሉ አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያዎቹን ከጄኔሬተሩ ላይ ማላቀቅዎ ለብቻው ትልቅ እፎይታ ነው።

መብራት የሚጠፋብዎ በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን በዚህ አይድከሙ፤ ገንዘቡን ለፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያውሉት። ሲገዙ ውርጭ የሚችለውን ይምረጡ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያልተሸፈነ ቱቦ ይሰነጥቃል።