የአባቴ ደብዳቤዎች የማን ናቸው?

ጥያቄ፦ አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከዚያ የላኳቸው ደብዳቤዎችና አንድ የኪስ ማስታወሻ አሉ። እሳቸው በ1960 ዓ.ም. ዐረፉ። አባቴ ደግሞ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ባልደረባ ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ከኦጋዴን ግንባር ለእናቴ የጻፏቸው አርባ ያህል ደብዳቤዎች ከአያቴ ወረቀቶች ጋር በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ናቸው። አባቴ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሳጥኑን ታላቅ ወንድሜ ወሰደው። «የበኩር ልጅ ስለሆንኩ የእኔ ነው» ይላል። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን የአያታችንን ወረቀቶች ኮሪያ ላለ ሙዚየም እንስጥ ባይ ናት። እኔ ሁሉንም በመጽሐፍ ማሳተም እፈልጋለሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሕጉ ማናችንን ይደግፋል?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስታችሁም የምትፈልጉት በደንብ ተጽፏል። እናትዎ ምን እንደሚፈልጉ ግን የለም። አርባው ደብዳቤ የተጻፈው ለእሳቸው ነው።

ከዚህ እንነሣ። ለአንድ ሰው ተጽፎ የደረሰው ደብዳቤ የተቀባዩ ነው። አባትዎ ከካራማራ ሥር ሆነው የጻፉት ወረቀት እናትዎ እጅ በገባ ቀን የእሳቸው ሆኗል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ብንሄድ አርባው ደብዳቤ ከነጭራሹ የውርስ ንብረት አይደለም ብዬ ነው የምከራከረው። ወንድምዎ የወሰደው የአባቱን ሳጥን ብቻ መስሎታል እንጂ ውስጡ ያለው በአብዛኛው የእናቱ ነው።

የበኩር ነገር ቶሎ ያልቃል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች የሚወርሱት እኩል ነው። ታላቅነት ለምርቃት እንጂ ለድርሻ አይሆንም። የአያትዎ ወረቀቶች በአባትዎ በኩል ለሦስታችሁ በጋራ ደርሰዋል። አባትዎ ወንድም ወይም እህት ከነበሯቸው ግን እነሱም፣ እነሱ ከሌሉ ልጆቻቸው ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት አክስትና አጎትዎን ቢቆጥሩ አይከፋም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ወረቀቱ አንድ ነገር ነው፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ሌላ። ወረቀቱ የእናትዎ ቢሆንም ጽሑፉን የማሳተም መብት የጸሐፊው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት ለጸሐፊው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የአያትዎ 50 ዓመት በ2010 አልቋል። የአባትዎ ግን እስከ 2063 ይዘልቃል፤ እሱን ወራሾች በጋራ ይዛችሁታል። ወንድምዎና እህትዎ ሳይፈርሙ የአባትዎን ደብዳቤ ቢያሳትሙ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት።

በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 31 አለ። ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው የጸሐፊው ፈቃድ ሳይኖር ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ባል ከጦር ሜዳ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ምስጢራዊ ካልሆነ የቱ ሊሆን ነው? አባትዎ የሉምና የሁሉንም ልጆች ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። የእናትዎን ፈቃድ ደግሞ ከሁሉ በፊት። ሳጥኑን በደንብ ሲፈትሹ እናትዎ የጻፏቸውን መልሶች ያገኙ ይሆናል። ወታደር የሚስቱን ደብዳቤ ከግንባር በኪሱ ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። በእነዚያ ላይ ያለው የማሳተም መብት ሙሉ በሙሉ የእናትዎ ነው።

የእህትዎ ሐሳብ ከልብ የመጣ ነው። ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ነገር ግን ዋናውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ በቦሌ ማውጣት ጣጣ ያመጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሰነድና ፎቶግራፍንም በቅርስነት ይቆጥራል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣቱንም ይከለክላል። ጥሩ ስካን ተደርጎ ቅጂው ይላክ። ዋናው ከቤት ይውጣ ከተባለ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) አለ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። ሲሰጡ ግን በውል ይሁን። ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ቤተሰቡ ቅጂ ያገኛል? እናትዎ በሕይወት እያሉ ማን ማንበብ ይችላል? ይህ ካልተጻፈ በኋላ «እኛ እንዲህ አላልንም» ማለት አይረዳም።

ሳጥኑ ውስጥ ማኅተም ያለበት የጦር ካርታ፣ ትእዛዝ ወይም የሠራዊት ስም ዝርዝር ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። የአባትዎ የአገልግሎት ደብተርና ሜዳይ የቤተሰብ ነው። የመንግሥት ሰነድ ግን አባትዎ ቤት ስላደረ የእናንተ አይሆንም። እሱን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ።

ከሕግ ትንሽ ልውጣ። እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ! አንድ ደንበኛዬ የአባቱን የኮሪያ ደብዳቤ «እንዳይበላሽ» ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በፕላስቲክ አስለበጠው። ጽሑፉ በሙቀቱ ደብዝዞ መጣ፤ ፕላስቲኩንም ወረቀቱን ሳይቀድዱ ማላቀቅ አልተቻለም። ስኮችም አትለጥፉ። የዛገ ስፒልና መርፌ ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። ፖስታውን ከደብዳቤው አትለዩ። ብዙ ወታደር ቀን አይጽፍም፤ ቀኑ ያለው ፖስታው ላይ ባለው ማኅተም ነው። ቴምብር ሰብሳቢ መጥቶ «ፖስታውን ብቻ ሽጡልኝ» ቢላችሁ አትስሙት። አንዳችሁ ብቻችሁን የጋራ ንብረት መሸጥም አትችሉም።

ወንድምዎን በክስ አይጀምሩት። ፍርድ ቤት የኪስ ማስታወሻን ለሦስት ቀዶ አያካፍልም፤ ዳኛውም መጀመሪያ የሚላችሁ «ሄዳችሁ ተስማሙ» ነው። ሳጥኑ ወንድምዎ ቤት ይቀመጥ፣ ግን በዝርዝር። አንድ ቀን ተሰብሰቡና እያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሡት። ቁጥሩን በእርሳስ፣ በጀርባው፣ ጥግ ላይ ጻፉ። ከዚያ አንድ ገጽ ስምምነት፦ ያዡ ጠባቂ ነው፣ ሁሉም ቅጂ አለው፣ ያለ ሁላችንም ፊርማ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይታተምም። እህትዎ ካሉበት ውክልና ይላኩ።

እናትዎ ደብዳቤዎቻቸውን ለአንዳችሁ ማውረስ ከፈለጉ ኑዛዜ ይጻፉ። በእጃቸው ከሆነ ሙሉውን ራሳቸው ይጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ግን ዋጋ ያጣል። መጻፍ ከደከማቸው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረመው ይሻላል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሳጥኑን አንድ ከሰዓት እናትዎ ዘንድ አምጡት። ወንድምዎም ይኑር። ከአርባው ውስጥ «ይህን ማንም አያንብብኝ» የሚሉት ካለ ሳትከፍቱ ለብቻው በፖስታ አሽጉትና ለእሳቸው ስጧቸው።