ስለ ጦርነት ስትጠይቁ ስለ ስንቁም ጠይቁ

ውድ የታሪክ ተማሪዎች፣

ስለ ሴቶችና ጦርነት የምታቀርቧቸው ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከእቴጌ ጣይቱ ይነሱና እዚያው ይቆማሉ። በአድዋ ዘመቻ የመቀሌው የጣልያን ምሽግ የውኃ ምንጭ መያዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠራዊቱ ግን ምን እየበላ መቀሌ ደረሰ?

መጀመሪያ ዘመቻውን ከእርሻው ወራት ጋር አስተያዩት። የአድዋ ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዘዘ፤ ውጊያው የካቲት 23 ሆነ። የደጋው አጨዳና ውቂያ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይውላል። ወንዱ የወጣው አዝመራው ሳይገባ ነው ማለት ነው። ብዙ ሴቶችም አብረው ስለዘመቱ የቀሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ሥራው ተደራረበባቸው። ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ ካለፈም ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ በሬው በበሽታ አልቋል። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠች ሴት የምርቱን ግማሽ ታጣለች፤ ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር ምርጫዋ ጠባብ ነበር።

ከዚያ ወደ ስንቁ ግቡ። በሶ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ነው የሚዘጋጀው። መንገድ ላይ እሳት አይፈልግም፤ በውኃና በጨው ታሽቶ ይበላል። ድርቆሽ፣ ማለት የደረቀ እንጀራ፣ ግን ጥቂት እርጥበት ከቀረው አቁማዳ ውስጥ ይሻግትና የቀረውንም ያበላሻል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብታስቡ ለ60 ቀን 30 ኪሎ ይመጣል። በእጅ ወፍጮ ስንት ሌሊት ይፈጃል? የምትፈጭ እናት አግኙና አንዱን ኪሎ በሰዓት ለኩት። እኔ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህን ልኬት አምናለሁ።

በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በየቀበሌው ስንቅ ያዘጋጁ እናቶች ዛሬም አሉ። «ለጦርነቱ ምን አደረጉ?» ብትሏቸው «እኔ ደግሞ ምን አድርጌ!» ይሏችኋል። ይልቅ እህሉ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማገዶውን ማን እንዳዋጣ፣ ልጆቹን ማን እንደያዘ፣ የቀረች ሴት ምን እንደገጠማት ጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሰው በተሰበሰበበት አይነሳም፤ ማጀት ገብታችሁ፣ ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። ቀኑ ከጠፋባቸው ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ በሉ።

«ጦርነቱ ሴቷን ነፃ አወጣ» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ጣልያን ወደ አዚናራ ደሴት ያጋዛቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነው ተመርጠዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባል የቤተሰቡ ኃላፊ ተባለ፤ ይህም እስከ 1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ቆየ። ስለዚህ ምርምራችሁ ድሉ በተበሠረበት ቀን አይቁም። ከየመንደሩ አንዲት ባሏ ያልተመለሰላት ሴት ምረጡና መሬቱ በማን እጅ እንደቀረ ተከታተሉ።