ሁለቴ ተቀጣ ወይስ ሁለት ቅጣት ተቀጣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ጎረቤታችን የሚኒባስ ሾፌር ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተያዘ። ፍርድ ቤት በአንድ ውሳኔ መቀጮ አስከፍሎ መንጃ ፈቃዱንም አገደበት። ሰፈሩ ሁሉ «በአንድ ጥፋት ሁለቴ ተቀጣ፣ ሕግ ይከለክላል» ይላል። አነጋገሩ ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ሁለቴ» የሚቆጥረው ግሱን ነው። ሁለቴ ተቀጣ ካልን ሰውየው ተቀጥቶ ካበቃ በኋላ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተቀጣ ማለት ይሆናል። ጎረቤትዎ ግን የተከሰሰውም የተፈረደበትም አንዴ ነው። በሰፈር ወግ «ሁለት ቅጣት ተቀጣ» ቢባል ያስኬዳል። የወንጀል ሕጉ ከዚህም ጠበቅ ይላል፤ ዋና ቅጣት፣ ተጨማሪ ቅጣትና የጥንቃቄ እርምጃ እያለ ይለያል። መንገድ ላይ ግን የትራፊኩ ወረቀትም፣ የሚከፈለው ብርም፣ የሚያዘው መንጃ ፈቃድም ሁሉም «ቅጣት» ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 በመጨረሻ ውሳኔ ጥፋተኛ የተባለ ወይም በነፃ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል «እንደገና አይከሰስም ወይም አይቀጣም» ይላል። ይህን አገላለጽ በጣም እወደዋለሁ። «አይከሰስም» መቅደሙን ልብ ይበሉ፤ ሰው ከቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤት ከመመላለስም ይጠበቃል። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ስላለም ይግባኝ «እንደገና መከሰስ» አይባልም።

ሦስት ቃላት አይምታቱብን። «ድጋሚ ቅጣት» ሕግ የከለከለው ነው። «ተደራራቢ ወንጀል» ሌላ ነው፤ ሾፌሩ ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ፣ በአንድ መዝገብ ብዙ ክስ ይቀርብበታል፣ ይህም አልተከለከለም። «ደጋጋሚ» የሚባለው ደግሞ ተቀጥቶ ሳይማር ዳግመኛ ያጠፋ ሰው ነው። እሱ የሚቀጣው በአዲሱ ጥፋቱ ነው።

ይህ ክርክር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ፣ ጠጥተው ያሽከረከሩ ብዙ ተከሳሾች «መንጃ ፈቃዴ አስቀድሞ በአስተዳደር ታግዷል፣ አሁን መከሰሴ ድጋሚ ቅጣት ነው» ብለው ተሟግተው ነበር። አብዛኞቹ ፍርድ ቤቶች ግን እገዳው መንገደኛውን ለመጠበቅ የተወሰደ እርምጃ ነው ብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

ውሳኔው ጸንቶ ካለቀ በኋላ ጎረቤትዎ በዚያችው ሌሊት ጥፋት አዲስ ክስ ቢመጣበት ግን፣ ያኔ «ሁለቴ ተከሰሰ» ማለት ትክክል ነው። የቀድሞውን ውሳኔ ግልባጭ ይዞ የክስ መቃወሚያ ያቅርብ።