ለባዮኢንፎርማቲክስ ልጆቻችን፦ ግራንቱን በስማችሁ ጠይቁ

አሜሪካ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በነዚህ ዓመታት ከአገር ቤት መጥተው በጂኖም (የዘረመል) ዳታ ላይ በኮምፒውተር የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች አይቻለሁ። ጎበዞች ናቸው። ኮዳቸው ንጹሕ ነው፣ ስታቲስቲክሱን ጠንቅቀው ያውቁታል፣ ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ተነስተው የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሳገኛቸው ግን አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። በሰው ግራንት (የምርምር ገንዘብ)፣ በሰው ጥያቄ፣ በሰው ጽሑፍ መሃል ስማቸው ተወሽቆ። ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ በእናንተ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ስታነቡ ታዩታላችሁ።

1. ወረቀት

የመጣችሁት በጄ-1 ቪዛ ከሆነ የሁለት ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታ እንዳለበትና እንደሌለበት ዛሬውኑ አንብቡ፤ የቀረውን የዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ይነግራችኋል።

2. ገንዘቡ የት ነው?

«የባዮኢንፎርማቲክስ ግራንት» ብላችሁ አትፈልጉ። በዚያ ስም ለብቻው የተቀመጠ ካዝና የለም። ገንዘቡ በየበሽታውና በየጥያቄው ተበትኖ ነው ያለው። ኤንአይኤች፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ 27 ኢንስቲትዩቶችና ማዕከላት አሉት። የካንሰር ዳታ የምትተነትኑ ከሆነ የካንሰር ኢንስቲትዩቱን እዩ። አዲስ የጂኖም ዘዴ ከሆነ የሰው ጂኖም ምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ዳታቤዝና የመረጃ ሥርዓት ከሆነ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አለ። ሁላችንም በየቀኑ የምንጠቀምበትን ጂንባንክን (የዘረመል መረጃ ማከማቻውን) የያዘው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው በዚሁ ተቋም ሥር ነው። ሥራችሁ ስለ ዝግመተ ለውጥ ወይም ስለ ሥነ ምህዳር ከሆነ ደግሞ ኤንኤስኤፍ (የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን) ይሻላችኋል። አውሮፓ ያላችሁ፣ የአውሮፓ ምርምር ምክር ቤት ለጀማሪዎች እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል። ዜግነት አይጠይቅም፣ የሚቀበላችሁ ተቋም እዚያ ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ዛሬ ማታ ሞክሩ። ኤንአይኤች ሪፖርተር የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ መፈለጊያ አለ። የምርምር ሐሳባችሁን አጭር መግለጫ እዚያ ውስጥ ለጥፉት። ከሐሳባችሁ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ገንዘብ ያገኙ ፕሮጀክቶችን ያወጣላችኋል። የትኛው ኢንስቲትዩት እንደከፈለ፣ ለማን፣ ስንት እንደከፈለ ይታያል። ኃላፊ የሆነው ፕሮግራም ኦፊሰር (የኢንስቲትዩቱ የግራንት ተጠሪ) ማን እንደሆነም ይነግራችኋል። ይህን ሳያዩ «ለኛ መስክ ገንዘብ የለም» የሚል ሰው አላዋራም።

3. «ግሪን ካርድ የለኝም»

ይህን ሰበብ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልቆጥረው አልችልም። እውነቱ እንዲህ ነው። ለዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጠው ኤፍ31 እና የኤንኤስኤፍ የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋሉ። ኬ99/አር00 ግን አይፈልግም። አር01ም (ዋናው የኤንአይኤች የምርምር ግራንት) አይፈልግም፤ በሕግ ፊት አመልካቹ ተቋማችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ኬ99 ማለት ለፖስትዶክ (ዶክትሬቱን ጨርሶ በሰው ላብ ለሚሠራ ተመራማሪ) እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ የራሳችሁን ላብ ስትከፍቱ እስከ ሦስት ዓመት የሚከተላችሁ ገንዘብ ነው። ግን ሰዓት አለው። ስታመለክቱ የፖስትዶክ ልምዳችሁ ከአራት ዓመት መብለጥ የለበትም። ሰዓቱ እናንተ ስታውቁት አይደለም የሚጀምረው፣ ሥራ ስትጀምሩ ነው።

አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ፖስትዶክ ከሆነች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እሷ የጻፈችው የትንተና ኮድ የላቡን ትልቅ ጽሑፍ ተሸክሞት ነበር፣ ስሟ ግን ዘጠነኛ ነው። «ለምን ኬ99 አላመለከትሽም?» አልኳት። «እሱ ለዜጋ ነው አሉኝ» አለች። ማን አለሽ? ጓደኞቿ። ጥሪውን ከፍቼ መስመሩን በስልክ አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔስ የት ነበርኩ?

4. የምትጽፉት

የማመልከቻችሁ የዓላማ ገጽ አንድ ገጽ ነው። ገምጋሚው በድካም መሃል የሚያነበው እሱን ነው፣ ስለዚህ ከጊዜያችሁ ግማሹን እሱ ላይ አጥፉ። የኛ ሰዎች ትልቁ ስህተት ዘዴውን ማስቀደም ነው። «አዲስ የዲፕ ለርኒንግ ሞዴል እንሠራለን» ብለው ይጀምራሉ። ታዲያ ምን ይሁን? ሞዴሉ የትኛውን የባዮሎጂ ጥያቄ ይመልሳል? መልሱ በመጀመሪያው አንቀጽ ከሌለ ገምጋሚው ልቡ ሌላ ዘንድ ሄዷል።

ጥያቄው ደግሞ የራሳችሁ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ከስዊድን ካሮሊንስካ ሆነው ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ጂን ካጠኗቸው ሰዎች 29 በመቶው ላይ ተደጋግሞ አገኙት። ይህ ጂን የሚያሠራው ኢንዛይም ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ይቀይራል። ጂኑ የተደጋገመበት ሰው በፍጥነትና በብዛት ስለሚቀይረው መድኃኒቱ ሊጎዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይንን ከአገልግሎት አገደ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ባይኖር ኖሮ በሽተኛው እንደዋጠ ይቀጥል ነበር። ጥያቄ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ከእናንተ መሃል ስንቶቻችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሆዳችሁ ይዛችሁ የሰው ዳታ እንደምታጸዱ አውቃለሁ።

በጀት ላይ አትሽኮርመሙ። በአር01 ቀለል ያለው የበጀት አቀራረብ በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይፈቅዳል። የክላውድ ወጪ፣ የዳታ ማከማቻ፣ የኮድ ባለሙያ ደመወዝ ጻፉ። ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳታ ማጋሪያ ዕቅድ ግዴታ ነው፣ ወጪውንም መጠየቅ ይቻላል። ልጆቻችን ይህን ሁሉ «በነጻ እሠራዋለሁ» ብለው ይተዉታል። ገምጋሚው ይህን ሲያይ ቆጣቢ ናቸው አይልም፤ ሥራውን አያውቁትም ነው የሚለው።

5. ማመልከቻው ሲመለስ

ሆዴ የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዬን አር01 አስገባሁ። ስድስት ወር ሠርቼበታለሁ። ውጤቱ የመጣ ዕለት ምሽት ላብ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የማመልከቻ ገጼን ከፈትኩት። ነጥብ መኖር በነበረበት ቦታ «ውይይት አልተደረገበትም» ይላል። ላፕቶፑን ከደንኩና ወጣሁ። የግምገማው ማጠቃለያ ሲመጣ አትሜ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፣ የቀረውን ሳላይ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። «እንዴት ሆነልህ?» ስትለኝ «ገና ነው» አልኳት። ለወራት ገና ነው አልኳት።

ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። ማመልከቻችሁን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ገምጋሚዎች ያነቡታል። ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፣ 1 ምርጡ ነው። ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት በመጀመሪያው ነጥብ ወደ ኋላ የቀሩት ግማሽ ያህሉ ለውይይት አይቀርቡም። ግማሽ! በዚያ ግማሽ ውስጥ ስማቸውን ስትሰሙ የምትደነግጡ ሰዎች አሉ። አስተያየቱ ግን ለእነሱም ተጽፎ ይመጣል። ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሲያገኝ የኖረው ከአምስት ማመልከቻ አንዱ ገደማ ነው። መመለስ እንግዲህ የሥራው ደንብ ነው። ደንቡ ደግሞ ማመልከቻውን አስተካክላችሁ በ37 ወር ውስጥ እንድታስገቡት ይፈቅዳል። አንድ ገጽ መግቢያ ይሰጣችኋል። በዚያ ገጽ «ይህን ብላችሁኛል፣ ይህን አስተካክያለሁ» ትላላችሁ።

እኔ 37ቱንም ወር አሳለፍኩት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሮ ስንቀይር መሳቢያውን ባዶ ሳደርግ ወረቀቱ ወጣ። ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛው ገምጋሚ ጥያቄው አስፈላጊ እንደሆነ ጽፏል። የጎደለው በላብ ሙከራ ትንበያውን የሚያረጋግጥ ባዮሎጂስት ነው ይላል፣ አንድ ተባባሪ ከነደብዳቤው ቢጨመር ማመልከቻው በጣም እንደሚጠነክርም አክሏል። ያ ባዮሎጂስት ከኔ ቢሮ ሁለት በር አልፎ ነበር የሚቀመጠው። በየጠዋቱ ሰላም እንባባል ነበር። አንድ ደብዳቤ ነበር የሚያስፈልገኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ዙር የላብ ጓደኛዬ የነበረው አሜሪካዊም ተመልሶበት ነበር። እሱ ግምገማውን ለላቡ ሰው ሁሉ አከፋፈለ። «አንብቡትና የት እንደሳትኩ ንገሩኝ» አለ። ከወራት በኋላ መልሶ አስገባ። ዛሬ የራሱ ላብ አለው። ከኔ አይበልጥም ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ኮዱን አብረን ነው የምንጽፈው፣ አውቀዋለሁ። በመካከላችን የነበረው ልዩነት ይሉኝታ ነው። እኔ «ምን ይሉኛል» ስል እሱ «ምን ትላላችሁ» ይል ነበር።

ያ ይሉኝታ ዛሬም በእናንተ ላይ ሲሠራ አያለሁ። ስታመለክቱ ትደብቃላችሁ፣ ሲመለስባችሁ ትደብቃላችሁ። ፎቅ አብራችሁ የምትጋሩ ሁለት ሐበሾች ለአንድ ጥሪ አመልክታችሁ አንዳችሁ የሌላችሁን አላያችሁም። ለምን? ሐሳቤን ይሰርቀኛል? ይስቅብኛል? የሚስቅባችሁ ካለ ልቀቁት። ግን አሳዩ! ረቂቁን ለአለቃችሁ ብቻ ሳይሆን መስካችሁን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። ገንዘብ ያገኘ ሰው ካወቃችሁ ማመልከቻውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከአስር ዘጠኙ ይሰጣችኋል፣ እኔ ጠይቄ የከለከለኝ የለም። የጠየቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ለፕሮግራም ኦፊሰሩም ደውሉለት። «ትልቅ ሰው ማስቸገር ነው» አትበሉኝ። ሥራው ነው፣ ደመወዝ የሚበላው ለዚህ ነው። የዓላማ ገጹን በኢሜይል ላኩና ሃያ ደቂቃ ለምኑት። ነጥብ የሚሰጠው እሱ አይደለም። ነገር ግን ሐሳባችሁ ለዚያ ኢንስቲትዩት ይሁን አይሁን ይነግራችኋል። ከተመለሰባችሁም ግምገማውን አብሯችሁ ያነባል። በሃያ ዓመት ውስጥ ካየኋቸው የኛ ልጆች ሳይጎተጎት ለፕሮግራም ኦፊሰር የደወለ አንድ ብቻ አውቃለሁ።

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የተፈቀዱ ግራንቶች በመንገድ ላይ ሲቋረጡ አይተናል። በዚያው ዓመት በሜይ መጀመሪያ ላይ ኤንአይኤች ወደ ውጭ አገር ተቋማት ንዑስ ግራንት የሚተላለፍበትን መንገድ አስቁሞ አዲስ አሠራር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ከአገር ቤት ተቋም ጋር ለመሥራት ያሰባችሁ፣ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ወቅቱ ምን እንደሚፈቅድ ፕሮግራም ኦፊሰሩን ጠይቁ። ጥሪዎችም ይለዋወጣሉ፣ የአምናውን ይዛችሁ አትጻፉ። ግን «ዘንድሮ ማን ያገኛል» ብሎ የሚቀር ሰው አምናም ቀርቶ ነበር። እኔ አምናም፣ ታች አምናም የቀረሁ ሰው ነኝ።

6. ያቺ ልጅ

ከስልካችን በኋላ ለፌብሯሪ 12 ቀነ ገደብ ኬ99 አስገባች። ተመለሰባት። ውጤቱን ባየች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደወለችልኝ፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ ተመለሰብኝ። ግምገማው ሲመጣ ላንብብልዎት?» አለች። መጣ፣ ሦስቱንም ገምጋሚ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። አንዱ ጨከን ብሏል። ቅዳሜ አራት ሐበሾች ስክሪን ላይ ተሰብስበን የዓላማ ገጿን መስመር በመስመር ሄድንበት። ሁለቱ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም፣ አንዱም ለዚያው ዙር አመልክቶ እንደነበር ያወቅነው ያን ዕለት ነው። የሱንም ከፈትነው።

ኖቬምበር 12 ቀን መልሳ አስገባች። የአራት ዓመቷ ሰዓት ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ውጤቱ ገና አልመጣም።